ገመዱ ይጠብቃል

ቢስሚላህ።

ዛሬ የማካፍላችሁ የራሴን ታሪክ ነው። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ። ወደ መጨረሻው በራሴ ላይ የምመሰክረው ጥፋት አለ፤ ብዕር ያነሳሁትም በሱ ምክንያት ነው።

ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ እዚህ ሐራ መስጂዳችን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ በስልኬ አንድ ቪዲዮ ደረሰኝ። የላከልኝ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ቻይና ነው ያለው። ቪዲዮው ላይ ረጅምና ቀጭን ጀልባ ይታያል። ፊቱ ላይ የዘንዶ ራስ ተቀርጾበታል። ሃያ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በአሥር መደዳ ተቀምጠዋል። ከፊት አንዱ ከበሮ ይመታል፣ ከኋላ አንዱ ቆሞ መሪውን ይዟል። ከበሮው በተመታ ቁጥር ሃያው መቅዘፊያ እኩል ውሃ ውስጥ ይገባል፣ እኩል ይወጣል። ከሃያዎቹ አንዱ የኛው ልጅ ነው። ጥርሱን ነክሶ ይቀዝፋል።

ቀጥሎ የድምፅ መልእክት መጣ። «ሸህዬ፣ እዚህ ስመጣ ሦስት ወር ሙሉ ሰው አላወራኝም። ቋንቋ የለ፣ ዘመድ የለ። የዩኒቨርሲቲው የጀልባ ቡድን ሰው ይፈልጋል ሲባል ዝም ብዬ ሄድኩ። የመጀመሪያ ቀን ከበሮው ሲመታ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ? ገመዳችን!»

ነገሩን ላጣራ ብዬ አነበብኩ። ቻይናዎች ይህን ቅዘፋ በጨረቃ አቆጣጠራቸው በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ከሚያከብሩት በዓል ጋር ያያይዙታል። ቹ ዩዋን የሚባል የጥንት ሹምና ባለቅኔ ወንዝ ውስጥ ሲሰጥም ሕዝቡ ሊያድነው በጀልባ ከተሯሯጠበት ቀን ጀመረ ብለው ይተርካሉ። የበዓሉ እምነት የነሱ ነው። ስፖርቱ ግን ከበዓሉ ወጥቶ ዓለምን ዞሯል፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሥርቶለታል። በጣም የገረመኝ የካናዳዎቹ ነገር ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ቫንኩቨር ከተማ ከጡት ካንሰር የተረፉ ሴቶች አንድ ጀልባ ሞልተው መቅዘፍ ጀመሩ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቡድኖች በብዙ ሀገር አሉ። እነዚያ ሴቶች ስፖርተኞች አልነበሩም። የሚያውቁትን ሕመም የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ አብሯቸው መቅዘፉ ነው የጠቀማቸው።

ጓደኛዬ አንድ ነገር ጨመረልኝ። «እዚህ ጉልበተኛ መሆን ብቻውን አይጠቅምም። አንድ ሰው ብቻውን ቢፈጥን ጀልባውን ያዘገየዋል።» ይህን ሲል ሳቅኩ። ምክንያቱም እኔና እሱ ይህን ትምህርት የተማርነው ባሕር ዳር ላይ ነው። ሐይቁ አጠገባችን ቢሆንም የተማርነው በጀልባ አልነበረም፤ በገመድ ነበር።

እኔ የሐሪማ ልጅ ነኝ። ዳናን የመሰሉ የዒልም መንደሮች ባሉበት በየጁ ምድር ነው ያደግኩት። በዘጠኝ ዓመቴ አባቴ ሸኻችን እጅ ላይ አስረከበኝ። ቁርኣን አኸተምኩ፣ ከዚያ ፊቅህና ነሕው ገባሁ። ከደረሶች ጋር እንጨት ለቅመናል፣ ውሃ ቀድተናል፣ ማሽላ ጠብቀናል። የሸኻችን ማሳ ሲደርስ ጅጌ ወጥተን እየዘየርን አጭደናል። ጎን ለጎን የማታ ትምህርት እየተማርኩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈተንኩ። አላህ ብሎልኝ በ2008 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመደብኩ፤ ታሪክ ላጠና። ዕድሜዬ 24 ነበር።

ከወልዲያ ተነስተን፣ በድልብ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርገን፣ በደርግ ጊዜ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ባሕር ዳር ገባን። ፔዳ ግቢ ስደርስ የዶርሜ ልጆች ሁሉ አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ነበሩ። አንዱ «ጋሼ፣ ልጅዎን ሊሸኙ ነው የመጡት?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ዐረብኛ ኪታብ ዘርግቼ እየተረጎምኩ ማስረዳት እችላለሁ፤ ኮምፒውተር ማብራት ግን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ፊት ወጥቼ እንድናገር ስታዘዝ ምላሴ ተሳሰረ። በሐሪማ ልጆች ኢዕራብ ሲጠፋቸው የሚጠይቁት እኔን ነበር። እዚያ ግን ከሁሉ በታች ሆንኩ።

«የጀመዓው ልጆች የት ሄዱ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበሩ፤ አላህ ይስጣቸው። በመጀመሪያው ጁሙዓ አገኙኝ። ግን የሆነውን ልንገራችሁ። ከሐሪማ እንደመጣሁ ሲሰሙ በዚያው ቀን «ኡስታዝ» አደረጉኝ። አሰግድ አሉኝ፣ ደርስ ስጥ አሉኝ፣ መስአላ ጠየቁኝ። ስገባ ይነሱልኛል፤ ስቀመጥ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ወላሂ ያከብሩኝ ነበር። የሚያከብርህ ሰው ግን «ዛሬ ከፍቶኛል፣ ምሳ አልበላሁም፣ ልመለስ ነው» የምትለው ሰው አይደለም። በአክብሮት መሀል ብቻውን የሆነ ሰው እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ። ዛሬ በየመስጂዱ ያሉ ወጣት ኡስታዞችን ሳይ ይህን አስታውሳለሁ። እናንተም አስታውሱ፤ እጃቸውን ከመሳም ባሻገር ምሳ በልተው እንደሆነ ጠይቋቸው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሻንጣዬን አሰርኩ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያ ነኝ ብዬ ወሰንኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የምነግረው ሰውም አልነበረኝም።

ያን ቀን ማታ የዶርማችን በር ተንኳኳ። የመጣው ከኮምቦልቻ የሆነ፣ ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት ሠርቶ ዘግይቶ ግቢ የገባ ጎልማሳ ተማሪ ነበር። ዙሪያውን አየና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «አንተ፣ ኪሎህ ስንት ነው?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ ለክቶኝ «ትሆናለህ፤ ነገ 11 ሰዓት ከሰዓት ሜዳ ና» ብሎ ወጣ። ኪታብ ላይ ተቀምጦ መማር ዒልም ብቻ አይጨምርም፤ ሥጋም ይጨምራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ውፍረቴ ጠቀመኝ።

ሻንጣዬን አልፈታሁትም። አንድ ቀን ልቆይ አልኩ።

ነገሩ ገመድ ጉተታ ነበር። በዲፓርትመንቶች መሀል ውድድር ሊደረግ ነው፤ አንድ ልጅ ወገቡ ተቀጭቶ ቦታው ባዶ ሆኗል። ያ የኮምቦልቻ ሰው ፋብሪካ ሳለ ገመድ ይጎትት ነበር። የኢሠማኮን የሠራተኞች ስፖርት የተከታተለ ሰው እንደሚያውቀው ከእግር ኳስ፣ ከዳማና ከገበጣ ጎን ገመድ ጉተታም አለ። እኛ እንደ ልጅ ጨዋታ የምናየው ነገር ከ1900 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. የኦሊምፒክ ውድድር ነበር። በ1908 ለንደን ላይ ወርቁን የወሰዱት ፖሊሶች ናቸው። በአንድ ወገን ስምንት ሰው ነው። የገመዱን መሀል አራት ሜትር ወደ ራሱ የሳበ ያሸንፋል።

እኛም ስምንት ነበርን። አንደኛው ከደብረ ማርቆስ፣ ሁለተኛው ከወልቂጤ፣ ሦስተኛው ከትግራይ፣ አራተኛው ከጅማ፣ አምስተኛው የባሕር ዳር ልጅ፣ ስድስተኛው ከጎንደር፣ ሰባተኛው ከጋምቤላ ነበሩ። ስምንተኛው እኔ። ከወልቂጤው ልጅና ከእኔ በቀር ሁሉም ክርስቲያኖች ናቸው። ከባዱ ሰው መጨረሻ ላይ ይቆማል። ገመዱ በብብቱ ሥር አልፎ፣ በጀርባው ዞሮ፣ በትከሻው ይወርዳል። የፊተኞቹ ቢንሸራተቱ እንኳ እሱ ተክሎ ይቆማል።

የመጀመሪያ ቀን ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጎተትኩ። መዳፌ ተላጠ። አሠልጣኛችን አስቆመን። «ሸህዬ፣ አንተ ብቻህን ነው የጎተትከው» አለኝ። የተመሰገንኩ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። «ጥፋት ነው የምልህ» አለኝ። «ስምንት ሰው በስምንት ጊዜ ቢጎትት የአንድ ሰው ጉልበት ነው። ገመድ በክንድ አይጎተትም። ተረከዝህን ትከል፣ ወደ ኋላ ተኛ፣ እግርህ ይግፋ፣ ትንፋሽህን ከፊትህ ካለው ሰው ጋር አድርግ።» አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ መጎተት አይደለም፣ መያዝ ነው። ያኛው ወገን ትንፋሹ እስኪያልቅ ሳትንቀሳቀስ ትይዛለህ። ሶብር የሚለውን ቃል ስንት ዓመት በኪታብ ቀርቼዋለሁ፤ በጭኔ የተማርኩት ግን ያኔ ነው።

አንድ ሥርዓት ነበረው። ገመዱን ስናነሳ ከፊት እስከ ኋላ እያንዳንዳችን ቁጥራችንን እንጠራለን። «አንድ!» «ሁለት!» «ሦስት!» እያለ እኔ ጋ ይደርሳል። እኔ «ስምንት!» ስል አሠልጣኛችን «ገመዱ ይጠብቅ!» ይላል፤ ሁላችን ወደ ኋላ እንተኛለን። ቁጥሩን የጠራ ሰው «እጄ ገመዱ ላይ ነው» ማለቱ ነው። ያለ እኔ ቃል መጀመር አይቻልም ነበር። ያን ሁሉ ወር ግቢ ውስጥ ብኖርም ባልኖርም ለውጥ የሌለው ሰው ነበርኩ። አሁን ሰባት ሰዎች ገመድ ይዘው የኔን ድምፅ ይጠብቃሉ።

በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን ፈታሁ።

ልቤ ግን አላረፈም፤ ጨዋታ ነውና ለሸኻችን ደወልኩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ ጋር በሩጫ መሽቀዳደማቸውን፣ ከሩካና ጋር መታገላቸውን ከሳቸው ነው የተማርኩት፤ ቢሆንም ከአፋቸው መስማት ፈለግኩ። «ሶላት ያስመልጣል?» አሉኝ። «አይ ሸኹ።» «ገንዘብ ይያዝበታል?» «አይያዝም።» «ጠብ ያስነሳል?» «እስካሁን አላስነሳም።» ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያ አጥብቀህ ጎትት፤ ተሸንፈህ እንዳትደውልልኝ» ብለው ሳቁ። ረሒመሁላህ።

ልምምድ ከመግሪብ ጋር ሲጋጭ እኔና ሁለት ሜዳው ዳር እንሰግድ ነበር። ስናሰላምት ሌሎቹ ጫማችንን ከኳስ ተጫዋቾች እየጠበቁ ቆመው እናገኛቸዋለን። ከልምምድ በኋላ አብረን እንበላለን። ሥጋችን ለየብቻ ነው፤ ያ የታወቀ ነው፣ ማንም አልተከፋበትም። ሽሮ ግን የሁላችን ነበር። የነሱ ሁዳዴ ሲገባ እኔም ስምንት ሳምንት ሽሮ በላሁ። አምስት ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ይወስደን ነበር። የደንገል ታንኳ ላይ ሰው ብቻውን ቆሞ ሲቀዝፍ እያየን፣ እናቴ ከሐራ የላከችውን ቆሎ እንካፈላለን። ከሁሉ በላይ ቆሎዋን የሚወደው ሦስት ነበር። «እማን ሰላም በልልኝ» ሳይል አይለየኝም።

በ2009 ውድድሩ ረመዳን ላይ ወደቀ። ረመዳን የገባው ግንቦት 19 ነበር። የኛ ግጥሚያ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ተያዘ። ባሕር ዳር በግንቦት ፀሐይዋ ከባድ ናት። ሜዳ ስደርስ ከስድስቱ አንዳቸውም ውሃ አልያዙም። ገረመኝ። በኋላ ጃኬቴን ለማንሳት ስሄድ የውሃ ጠርሙሶቹ ከጃኬቶች ሥር ተደብቀው አየኋቸው። እኔና ሁለት እያየናቸው ላለመጠጣት ነው፤ ግን አልነገሩንም። እኔም እንዳየሁ አልተናገርኩም።

ያን ቀን ተሸነፍን። ያሸነፉን ከኛ የሚቀልሉ ልጆች ናቸው፤ ትንፋሻቸው ግን አንድ ነበር። አራት ሜትሩን ስንጎተት ማንም ገመዱን አለቀቀም፤ ሁላችን ተያይዘን አፈር ላይ ወደቅን። ጋምቤላው ከላዬ ላይ ሆኖ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ ሁላችን ተጋባ። መግሪብ ሲደርስ ስድስቱም እኔና ሁለት ተምር እስክንቀምስ ጠብቀው ነው ውሃቸውን ያወጡት።

በኣሊ ዒምራን ሱራ ስለ አላህ ገመድ የሚናገረውን አንቀጽ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንቀጹ ስለ ዲናችን ነው፣ ስለ ጨዋታ አይደለም፤ ማንም እንዳይሳሳት። ግን እዚያ ውስጥ «ሁላችሁም» የምትል ቃል አለች። ለዓመታት በአፌ ቀርቻት አልፌያታለሁ። ገመድ ይዤ ከቆምኩ ወዲህ ግን ሳልቆም አላልፋትም።

በ2010 ተመረቅን። ሁለት ወደ ወልቂጤ፣ አራት ወደ ጅማ፣ ሦስት ወደ ትግራይ ሄዱ። እኔ ሐራ ተመልሼ ኢማማችንን ማገዝ ጀመርኩ፤ ሕፃናት አስቀራለሁ፣ ኢማሙ ሲታመሙ አሰግዳለሁ። የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን። በየኢዱና በየፋሲካው አንዱ «አንድ» ብሎ ይጽፋል። ሌላው «ሁለት» ይላል። ወሬ የለውም፤ ቁጥር ብቻ። «ስምንት» ብዬ ስጽፍ አሠልጣኛችን «ገመዱ ይጠብቅ» ይላል። በቃ፣ ሁላችንም ደህና ነን ማለት ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ይህን ገጽ የምታነቡ የሐራ፣ የመርሳና የወልዲያ ልጆች ምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ሀገራችን በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ወፍጮ ቆሞ እናቶቻችን እህል በድንጋይ ፈጩ። እኔ በዚያ ጊዜ የአጎቴን ልጅ በእጄ አጥቤ፣ ከፍኜ፣ ቀበርኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኔትወርክ ሲመለስ ስልኬን ከፈትኩ። ግሩፑ ውስጥ በየሳምንቱ፣ ጁሙዓ ጁሙዓ፣ አምስት ወር ሙሉ ቁጥር ሲጠራ ቆይቷል። አንድ። ሁለት። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት። ከዚያ የኔ ቦታ ባዶ ነው። የሦስትም ባዶ ነው፤ ትግራይ ከኛም ቀድሞ ስልክ ተቋርጦ ነበር። በየሳምንቱ ከቁጥሩ ሥር አሠልጣኛችን አንዲት ቃል ትቷል፤ «ገመዱ ይጠብቃል»። ይህችን ቃል አላልታችሁም አጥብቃችሁም አንብቧት፤ ሁለቱንም ማለቱ ነበር።

እጄ እየተንቀጠቀጠ «ስምንት» ብዬ ጻፍኩ። ያን ሌሊት ከጅማና ከጋምቤላ እየደወሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

አሁን ጥፋቴ ጋ ደረስኩ።

ጁሙዓ ሲመጣ እንደገና ተቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ አንዱ መስመር ባዶ ተትቶ፣ አራት። በየሳምንቱ ያ ባዶ መስመር ዓይኔን ይወጋኝ ጀመር። የአጎቴ ልጅ ትዝ ይለኛል። ሦስት ምንም እንዳላደረገ አውቃለሁ፤ ልቤ ግን አልሰማ አለኝ። አንድ ቀን ግሩፑ ላይ «ባዶውን መስመር እስከ መቼ እንተዋለን? ሰባት ሆነን እንቁጠር» ብዬ ጻፍኩ። ከሰባታችን ማንም አልመለሰልኝም። ከሰዓታት በኋላ የደብረ ማርቆሱ ልጅ ለብቻዬ ጻፈልኝ። «ሸህዬ፣ አንተም አምስት ወር ባዶ መስመር ነበርክ።»

ይህን ካነበብኩ በኋላ መግሪብ ላይ ሰፍ ሳስተካክል ድምፄ ተያዘ። ሥራዬ ነው፤ በየቀኑ «ሰፍ አስተካክሉ፣ ክፍተት ሙሉ» እላለሁ። ሶላት ላይ ሰው ሲወጣ ጎረቤቱ ተጠግቶ ቦታውን ይሞላል። የወንድምህ ቦታ ግን እንደዚያ አይሞላም፤ እስኪመጣ ይጠበቃል። ይህን ልዩነት ለመለየት ከሐሪማ ልጅ በላይ ማን ይቀርብ ነበር? እኔ ግን ሳትኩት።

ጥቅምት 23, 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ትግራይ ውስጥ ስልክ ከተማ በከተማ ሲከፈት ቆየ። አንድ ጁሙዓ ማታ፣ አንድና ሁለት ከተጻፉ በኋላ፣ «ሦስት» የሚል መጣ።

አራት ወዲያው ተከተለ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ከዚያ ሁሉም ቆመው እኔን ጠበቁ።

ሁለት ቀን አልጻፍኩም። ስልኩን እያነሳሁ አስቀምጠዋለሁ። ያቺን አንዲት ቃል መጻፍ የአጎቴን ልጅ መክዳት መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ከፈጅር በኋላ ቁጥሩን አወጣሁና ደወልኩ።

«አቤት» አለ። ድምፁ አርጅቷል።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ «ሸህዬ… እማ ደህና ናት?» አለኝ። የጠየቀኝ የመጀመሪያው ነገር እናቴን ነው። ደህና ናት አልኩት። የአጎቴን ልጅ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ታናሽ ወንድሙን ነገረኝ፤ አስከሬኑን እንኳ አላገኙም። እኔ ቢያንስ በእጄ ቀብሬያለሁ። ማን አደረገው፣ ማን ጀመረው አላልንም። ብንል ኖሮ ሁለታችንም የምንለው ነበረን። «አላህ ያጽናህ» አልኩት። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለኝ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ገመዱን አስረዘምክብን እኮ» አለኝ፤ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣ።

ዘጋሁና «ስምንት» ብዬ ጻፍኩ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። የአጎቴ ልጅ ቀብር በመስጂዳችን ጎን ነው፤ በየቀኑ አልፈዋለሁ። በሀገር ጉዳይ ይቅርታ የምሰጥም የምቀበልም ሰው አይደለሁም፤ ፍትሕ የሚጠይቅ ይጠይቅ፣ ሐቅ ነው። እኔ የምመሰክረው ስለ አንድ መስመር ነው። ባዶ መስመር ነበር፤ ልሰርዘው ፈልጌ ነበር፤ ወንድሞቼ አላሰረዙኝም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለናንተ ነው። ብዙዎቻችሁ ማታ ማታ በውስጥ መስመር «ኡስታዝ፣ ብቻዬን ነኝ» ትሉኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ዐረብ ሀገር ሰው ቤት ውስጥ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ እዚሁ ሐራ ገበያ መሀል ሆናችሁ ብቻችሁን ናችሁ። ጓደኛ ስትፈልጉ የሚወዳችሁን ሰው ነው የምትፈልጉት። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከዚህ ሕይወት ያየሁት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ከብዙ ሰው ጋር የሚያዝ ከባድ ነገር ፈልጉ። የጎረቤት ጅጌ ይሁን፣ የመስጂድ ጉድጓድ ማጽዳት ይሁን፣ ቀብር መቆፈር ይሁን፣ የኳስ ቡድን ይሁን። በሰዓታችሁ ተገኙ፣ ያዙ፣ ቁጥራችሁን ጥሩ። ፍቅሩ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴ ከጃኬት ሥር ተደብቆ ታገኙታላችሁ።

እኛም ሰሞኑን ከዐስር በኋላ የመድረሳችንን ልጆች ሜዳ ይዘን መውጣት ጀምረናል። በሚሌ መስመር የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አሮጌ ገመዱን ሰጠን። ልጆቹ መጀመሪያ ሁሉም በየፊናው ይጎትታሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንዱ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ትናንት መጨረሻ ላይ ልቁም አለኝ። ቀጭን ነው፤ አይሆንም ልለው ነበር። «ለምን?» አልኩት። «ስምንት ማለት እፈልጋለሁ» አለኝ።

አቆምኩት።

ያ ረብ፣ የተለያዩትን አገናኝ፣ የሞቱብንን ማራቸው፣ ባዶ ቦታ ለምንጠብቅ ሰዎች ሶብሩን ስጠን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።